የቀጥቃጩ ልጅና የቆሰበር ብርድ

ማሽኑ ከጭነት መኪናው ላይ ሲወርድ ቆሰበር ከተማ በሳቅ ፈነዳች።

ጊዜው 1958 ዓ.ም፣ ፋሲካ ያለፈ ሰሞን ነበር። ከአዲስ አበባ ድረስ በሸራ ተጠቅልሎ የመጣው ያ ሁሉ ብረትና የመዳብ ቱቦ «ብርድ መሥሪያ ነው» ተብሎ ሲወራ፣ ገበያተኛው ሁሉ የእንስሳት ጤና ጣቢያውን የቀርከሃ አጥር ከቦ ቆመ።

«ብርድ መሥሪያ? እዚህ?» አለ አንዱ ጋቢውን እየተከናነበ። «ምነው የእኛን ብርድ ጭነው ቢወስዱልን!»

ደጊቱ ምህረቴም አብራ ሳቀች። ደጊቱ የጣቢያው ጸሐፊና አስተርጓሚ ናት። ዳንግላ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ የተመለሰች፣ አማርኛውንም አዊኛውንም እኩል የምታቀላጥፍ፣ በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ በከብታቸውና በፈረሳቸው ብዛት የሚታወቁት የቀኛዝማች ምህረቴ የመጨረሻ ልጅ ናት። ሳቋን ሳትጨርስ ቀና ስትል፣ መኪናው ላይ ቆሞ ገመድ የሚፈታ ወጣት ሲያያት አገኘችው። ቀጭን ነው፤ እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቅልሏል፤ ግንባሩ በላብ ወዝቷል። እሱ ግን አልሳቀም።

«የቆሰበር ብርድ ማታ ይመጣል፣ እኩለ ቀን ላይ ጥሎን ይሄዳል» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ለከብቶቻችሁ ክትባት የሚያስፈልገው የማይሄድ ብርድ ነው።»

ደጊቱ ይህንኑ ለሽማግሌዎቹ በአዊኛ መለሰችላቸው። አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው የሆነ ነገር ቢናገሩ ሕዝቡ እንደገና በሳቅ አወካ። ደጊቱ ግን ፊቷ ደም መሰለ።

«ምን አሉ?» ሲል ጠየቃት ወጣቱ።

«አይተረጎምም» አለችና ፊቷን አዞረች። ልቧ ለምን እንዲያ እንደ መታ ለራሷም አልገባትም።

ነገሩ ግን የሳቅ አልነበረም። ሰው ስሙን ፈርቶ «ደስታ» የሚለው የከብት ወረርሽኝ ግምጃ ቤት ከተማ ገብቷል የሚል ወሬ ከደረሰ ሰንብቷል። ደስታ የገባበት በረት ለእርሻ የሚጠመድ በሬ አይተርፈውም፤ በሬ ያጣ ቤት ደግሞ ክረምቱን በምን እንደሚገፋው እግዜር ያውቃል። ክትባቱ አለ፤ ሙቀት ከነካው ግን ከተራ ውሃ አይሻልም። ጣቢያው ወፍራም ግድግዳ ያለው አንድ ክፍል አሠርቶ የሚጠብቀው ይህን ማሽን ነበር። ማሽኑን ሊተክል የመጣው መካኒክ ደግሞ ደርበው ይባላል።

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ሀብቱ ደጊቱን ጠርተው፣ «ዕቃ ሲፈልግ አቀብይው፣ ከሠራተኞቹ ጋር ሲነጋገርም አስተርጉሚለት» አሏት። እሷም እሺ አለች። እሺ ያለችበት ፍጥነት አቶ ሀብቱን ፈገግ አሰኛቸው።

ማሽኑ ለሁለት የተከፈለ ነበር። ሞተሩና ትልቁ ማራገቢያ ከግድግዳው ውጭ ተቀመጡ፤ ሌላው ግማሽ በክፍሉ ውስጥ ከጣሪያው ሥር ተሰቀለ። ደርበው ግድግዳውን በስቶ በመካከላቸው ሁለት የመዳብ ቱቦ አሳለፈ። ቱቦውን በጉልበቱ ላይ አስደግፎ ሲያጥፈው እንደ ሐረግ ይታዘዝለት ነበር።

«ይኼኛው ሙቀቱን ከክፍሉ ይጠጣል» አላት ወደ ውስጥ እያሳየ፤ «ውጭ ያለው ደግሞ ይተፋዋል። ብርድ የሚባል ነገር አንሠራም፣ ወይዘሪት ደጊቱ። ሙቀቱን ነው የምናስወጣው።»

«እንዲያ ከሆነማ ብርድ መሥሪያ ብለው ያስወሩት ዋሽተዋል!»

«ዋሽተዋል» አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ደጊቱ ያን ሳቅ ደግማ ለማየት ስትል ቀኑን ሙሉ ጥያቄ ስትፈጥር ዋለች።

ቱቦው ሁሉ ተበይዶ ካለቀ በኋላ ፍተሻው መጣ። ደርበው ቱቦውን በግፊት ሞላና የሳሙና አረፋ በጣሳ በጥብጦ ብሩሽ ሰጣት። በየመጋጠሚያው ትቀባለች፤ የሚያፈስ ካለ አረፋው ያብጣል። ደጊቱ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተንበረከከች፤ ትንፋሿን ይዛ አንዱን መጋጠሚያ ከሌላው እያስከተለች ቀባች። ምንም የለም። እዚህም የለም። ከሞተሩ ኋላ፣ ዓይን በማይደርስበት ጥግ ግን አንዲት አረፋ ብቅ አለች፣ አተር አከለች፣ ፈነዳች፣ ሌላ ተተካች።

«አለ! እዚህ ጋ አለ!» ብላ ጮኸች።

ደርበው ሮጦ መጥቶ አጠገቧ ተንበረከከ። ግንባራቸው ሊነካካ ጥቂት ቀረው። «ጎበዝ! አንቺማ እኮ…» ብሎ ደነገጠ። «ይቅርታ፤ እርስዎ ለማለት ነው።»

ደጊቱ ዓይኗን ከአረፋው ሳትነቅል፣ «አንቺ ይሻለኛል» አለች።

ያን ማታ ከቤቷ ደርሳ እጇን ስትታጠብ የሳሙናው ሽታ ገና አልለቀቃትም ነበር። ውሃውን ከመድፋቷ በፊት ብዙ ቆመች፤ ደስ የሚል ፍርሃት ነበር የያዛት።

በማግስቱ ደርበው የሚያፈሰውን መጋጠሚያ እንደገና በየደው፣ አየሩን ከቱቦው በፓምፕ አወጣ፣ ጋዙን ሞላ። ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ የማሽኑ ሞተር አጉረመረመ፤ የውጪው ማራገቢያ ትኩስ ንፋስ ይተፋ ጀመር። አቶ ሀብቱ ሕፃን ልጅ ይመስል እጃቸውን ከንፋሱ ፊት ዘርግተው፣ «ሞቀ! ሞቀ!» እያሉ ጄኔሬተሩን ሊያዩ ሲሄዱ፣ ደጊቱና ደርበው ወደ ክፍሉ ገቡ።

ውስጡ ይበርዳል። ደግሞም እየባሰው ይሄዳል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትር ቀዩ መሥመር ዓይናቸው እያየ ወረደ። ደጊቱ ብትተነፍስ ትንፋሿ ነጭ ሆኖ ታየ፤ የእሱም ትንፋሽ መጥቶ ከእሷ ጋር ተቀላቀለ። ሁለቱም አዩት።

«ያን ቀን ሽማግሌው ያሉትን አሁን ንገሪኝ» አላት።

«ካልነገርኩህ አትተወኝም?»

«አልተውሽም።»

የመጨረሻዋ ቃል ከጥያቄው አልፋ ሌላ ነገር ሆነች። ደጊቱ ነጠላዋን ሰብስባ፣ «‹የዚህ ሰውዬ ሚስት እንዴት ያለ ብርድ ይፈጃት ይሆን› ነው ያሉት» አለች።

«ሚስት የለኝም።»

«እሱንም ጠይቀውኝ ነበር።»

«ምን መለስሽላቸው?»

«አላውቅም አልኩ።» ቀና ብላ አየችው። «አሁን አወቅሁ።»

ደርበው አንድ እርምጃ ተጠጋ። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ድንገት በሐሳብ ተሸፈነ። «ደጊቱ፣ ከአንቺ ጋር እዚህ ስቆም ከዚህ በፊት ያልኖርኩ ነው የሚመስለኝ። ግን ስለ እኔ የማታውቂው አንድ ነገር አለ። ሌላ ሰው ሳይነግርሽ እኔው…»

በሩ ተከፈተ። ቀኛዝማች ምህረቴ ጥቁር በርኖሳቸውን ለብሰው ገቡ፤ ብርዱ ፊታቸውን ሲመታው ቆም አሉ፤ ከዚያ ቤቱን የሞላ ሳቅ ሳቁ።

«እውነት ነው እንዴ! የወሬ ነው ብዬ ነበር እኮ!» ግድግዳውን ዳሰሱ፤ ትንፋሻቸውን ወደ ላይ ለቅቀው አዩ። «በሬዎቼ ዳኑ በለኛ! ጎሽ! እጅህ ይባረክ!» ቀኝ እጃቸውን ዘረጉለት። «የማን ልጅ ነህ አንተ?»

ደርበው መጀመሪያ ደጊቱን አየ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«የአዝመራው ልጅ ነኝ ጌታዬ። የዳንግላው።»

«የትኛው አዝመራው?»

«ማረሻ የሚሠራው።»

የተዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ፤ ከዚያም ቀስ ብሎ ተመልሶ በርኖሱ ውስጥ ገባ። «ቀጥቃጩ?» አሉ ቀኛዝማች። ቃሉን አልጮሁበትም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የታመመ ሰው አጠገብ እንደሚነገር አድርገው ነው ያወጡት።

በዚያ ዘመን፣ በዚያ አገር፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ማረሻውን ይሠራል እንጂ ማዕድ አይጋራም። ዓይኑ ይፈራል። ልጁን ማግባት ቀርቶ እጁን መጨበጥ ወሬ ነው። ደጊቱ ይህን ሁሉ ያለ አስተማሪ እያወቀች ነው ያደገችው።

ደርበው የሚያየው ቀኛዝማችን አልነበረም። እሷን ነበር የሚያየው። አንድ ቃል እየጠበቀ ነበር። ደጊቱ አፏን ከፈተች። ብዙ ቃል ነበራት፤ አንዱም አልወጣ አላት። ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች።

«ነይ ወደ ቤት» አሉ አባቷ።

ሄደች። በሩን ስታልፍ ዞር ለማለት ድፍረት አጣች። ውጭ ፀሐዩ ጠራርቷል፤ እሷ ግን ክፍሉ ውስጥ ካለው ይልቅ የከፋ ብርድ ውስጥ የገባች መሰላት።

በነጋታው ከቤት እንዳትወጣ ተከለከለች። እናቷ ወይዘሮ ወርቅአየሁ ቁርስ አቀረቡላት፤ አልነካችውም። ረፋዱ ላይ አቶ ሀብቱ በፈረስ እየጋለቡ ከግቢው ደረሱ። ወርደው ልጓሙን እንኳ በቅጡ አላሰሩም።

«ማሽኑ አስቸግሮናል ቀኛዝማች» አሉ። «ይቀዘቅዛል፣ ጥቂት ቆይቶ ይተወዋል። ደግሞ ይጀምራል፣ ደግሞ ይተወዋል። ክትባቱ ትናንት በበረዶ ተጭኖ ከአዲስ አበባ ተነሥቷል፤ ዛሬ ሳይመሽ ይደርሳል። በረዶው እስከዚያ ቢቆይ ነው። ከዚያ ወዲያ ማስቀመጫ የለንም።»

«ቀጥቃጭ የዳሰሰው ነገር መቼ ይበጃል?»

«ደርበው ምክንያቱን አግኝቶታል። ያ የሚያፈሰው መጋጠሚያ ሲከፈት በቱቦው የገባ ጥቂት እርጥበት ነው። ጋዙ በጠባቧ ቀዳዳ ሲያልፍ ያ ውሃ በረዶ እየሆነ መንገዱን ይዘጋል። ትኩስ ጨርቅ ሲያደርግበት ይቀልጥና ሽሽ ብሎ ያልፋል፤ ጆሮዬን አስጠግቼ ሰምቼዋለሁ። እርጥበቱን የሚጠጣ ማድረቂያ የሚሉት ትንሽ የመዳብ ቆርቆሮ አለው፤ እሱ ውሃ ጠግቧል። ከፍቶ ውስጡ ያሉትን ፍሬዎች ጭስ በሌለው እሳት ማድረቅ፣ ቆርቆሮውንም መልሶ መበየድ ያስፈልጋል። የመበየጃው ጋዝ ደግሞ አልቋል።»

«ታዲያ በምን ሊሆን ነው?»

አቶ ሀብቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወደ ዳንግላ መኪና ልከን አባቱን አስመጥተናል። ከነወናፉ።»

ቀኛዝማች ብድግ አሉ።

«ባላገሩም ይህን ሰምቶ ከብቱን ይዞ ሊመለስ ነው» ሲሉ ቀጠሉ አቶ ሀብቱ። «አብዛኛው አዊኛ ብቻ ነው የሚናገረው። የሚያስረዳልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ደጊቱን…»

«እኔው ሄጄ አየዋለሁ። እሷ ከዚህ አትነቃነቅም።»

የፈረሶቹ ኮቴ ከራቀ በኋላ ወይዘሮ ወርቅአየሁ የራሳቸውን ነጠላ አውልቀው የልጃቸው ትከሻ ላይ ጣሉት።

«ሂጂ» አሏት።

«እማዬ፣ አባባ…»

«አባትሽን እኔ እችለዋለሁ። ትናንት ከመጣሽ ጀምሮ እህል አልቀመስሽ፣ ቃል አልተነፈስሽ። አንዱን ዛሬ ካልተናገርሽው ዕድሜ ልክሽን አፍሽ ውስጥ ይዘሽው ትኖሪያለሽ። ሂጂ ልጄ!»

ደጊቱ ሮጠች። እናቷን ዞራ ለማመስገን እንኳ ጊዜ አልሰጠችም፤ ደረቷ ውስጥ ያለው ነገር ከእግሯ ቀድሞ ይሮጥ ነበር።

ጣቢያው ግቢ ስትደርስ ከብቱና ሰው ተደበላልቆ ቆሟል። ሽማግሌው አዝመራው፣ ጠጉራቸው የነጣ ቀጭን ሰውዬ፣ ምድጃቸውን የቆፈሩት ከሰው ርቀው ከአጥሩ ሥር ነበር። ራቅ ብለው እንዲቀመጡ ማንም አላዘዛቸውም፤ ከልጅነታቸው የለመዱት ነው። ከሰላቸውን ይደረድራሉ፤ ቀና አይሉም።

ደርበው ትንሿን የመዳብ ቆርቆሮ በእጁ ይዞ ሲመጣ ደጊቱን አያት። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር በርቶ ወዲያው ጠፋ።

«እንደምን ዋሉ፣ ወይዘሪት ደጊቱ» አለ።

ያ «ዋሉ» እንደ ጥፊ ተሰማት። «ደርበው፣ እኔ…»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራ አለብኝ።»

ከባላገሮቹ መካከል አንድ ጎልማሳ የወይፈኖቹን ገመድ እየጠቀለለ በአዊኛ ጮክ ብሎ ተናገረ። አቶ ሀብቱ ወደ ደጊቱ ዞሩ። ቃሉ ምላሷን ከበዳት፤ ቢሆንም ተረጎመችው። «‹ቀጥቃጭ ባለበት ግቢ ከብቴን አላሳድርም› ይላል።»

አዝመራው እንደ ልጃቸው አዲስ አበባ ሳይሆን ዳንግላ ያደጉ ናቸውና አዊኛውንም ሰምተዋል። እጃቸው ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ከሰሉን መደርደር ቀጠለ። ያ የቆመ እጅ ደጊቱን አንጀቷን በላት።

ሰው ወደ በሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። አቶ ሀብቱ ሊያስቆሙ ሮጡ። ቀኛዝማች ፈረሳቸው ላይ እንዳሉ ከሩቅ ያያሉ። ምድጃው ጋ ግን እሳቱ ተያይዟል፤ አዝመራው በጉጠት ብረት ምጣድ ይዘዋል፤ ምጣዱ ላይ ውሃ የጠገቡት ፍሬዎች እንደ ሽንብራ ተበትነዋል። ደርበው ያገላብጣል። ፍሬዎቹ እርጥብ ሲሆኑ ወደ ቀይ ያደላሉ፤ ሲደርቁ ሰማያዊ ይሆናሉ። እሳቱ ከበረታ ይሰነጠቃሉ፤ ከላላ አይደርቁም። ሁለቱም እጃቸው ተይዟል።

«ወናፍ የሚይዝልን ሰው!» አለ ደርበው ቀና ብሎ። «አንድ ሰው ብቻ!»

ማንም አልተነቃነቀም። ሁለቱ የፍየል ቆዳ ከረጢቶች ባዷቸውን ተኝተዋል። እሳቱ መዳከም ጀመረ።

ደጊቱ የእናቷን ነጠላ አውልቃ አጥሩ ላይ ጣለችው። በሰውና በምድጃው መካከል ያለውን ባዶ ሜዳ አቋርጣ ሄደች፤ ከወናፉ ኋላ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ሁለቱንም እጀታ ጨበጠች።

በሩ ላይ የደረሱት ሁሉ ዞሩ።

«ደጊቱ!» የቀኛዝማች ድምፅ ነበር። «ተነሺ ከዚያ!»

«አልነሣም፣ አባባ።»

«የማን ልጅ እንደሆንሽ ዘነጋሽው?»

«አልዘነጋሁም። የእርስዎ ልጅ ነኝ። ፈሪ አድርገው አላሳደጉኝም፤ ትናንት ግን ፈራሁ።» እጇ እጀታውን አልለቀቀም። አንዱን ከረጢት ከፍታ አነሣች፣ ዘግታ ተጫነችው፤ ንፋሱ አመዱን ብቻ በትኖ ፊቷ ላይ ነፋው። ከሕዝቡ መካከል አንዱ ሳቀ።

«ቀስ በይ የኔ ልጅ» አሉ አዝመራው ሳያስቡት። «አንዱ ሲሞላ አንዱን ተጫኚ። እንደ መተንፈስ ነው።» ከዚያ ያሉት ነገር ታወቃቸውና ደነገጡ። «ይቅር ይበሉኝ እመቤቴ፣ ከአፌ አምልጦኝ ነው።»

«የኔ ልጅ ይበሉኝ» አለች ደጊቱ። «እንደሱ ይበሉኝ እንጂ።»

ግራ፣ ቀኝ። ግራ፣ ቀኝ። እሳቱ ፍም ሆኖ ቀላ። መዳፏ ገና ከአሁኑ ይቃጠላል። ደርበው ከምጣዱ ላይ ዓይኑን አንሥቶ አያትና፣ «ደጊቱ፣ ተይው። እጅሽ ይላጣል» አለ።

እጅሽ አለ! ልቧ ዘለለ።

«ይላጥ!» አለች ዕንባዋ ከላቧ ጋር እየተቀላቀለ። «ትናንት መሬት መሬት ሳይ አፈረችብኝ ብለህ ነው አይደል? በራሴ ነው ያፈርኩት! አንተ የአባትህን ስም ቀና ብለህ ተናገርክ። እኔ ግን የወደድኩትን ሰው ስም መናገር አቃተኝ። አሁን ሰው ሁሉ ይስማኝ፤ በአማርኛም በአዊኛም እናገረዋለሁ!»

ተናገረችውም። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በአዊኛ፣ ከወናፉ እጇን ሳታነሣ። በሩ ላይ የቆሙት ሴቶች እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ወይፈኖቹን ነድቶ ሊሄድ የነበረው ጎልማሳ ገመዱን ለቀቀ።

ደርበው ምጣዱ ላይ ጎንበስ ብሎ ፍሬዎቹን አገላበጠ። «እሳቱን እንዳታጠፊብኝ ብቻ» አለ፤ ድምፁ ግን የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ነበር።

«አላጠፋውም» አለች።

ከምጣዱ ዳር አንዷ ፍሬ ሰማያዊ ሆነች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያም ሰማያዊው እንደ ወሬ ከዳር እስከ ዳር ተዛመተ። ደጊቱ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጡባት፤ በሕይወቷ እንዲህ የደከመችበትም እንዲህ የበረታችበትም ቀን አልነበረም።

ቆርቆሮው ፍሬውን ታቅፎ ተዘጋ። አዝመራው ቦራክስ የሚሉትን የመበየጃ ዱቄት ነስንሰው፣ ቀጭን ነሐስ አስጠግተው ፍሙ ላይ ሲያዞሩት ነሐሱ ቀልጦ መጋጠሚያውን እንደ ወርቅ ክር ዞረው። ደርበው ወስዶ ከቱቦው አጋጠመው። አየሩን የሚያወጣው ፓምፕ ሥራ ጀመረ፤ ፀሐይም ወደ ምዕራብ አዘነበለች። ከባላገሩ የሄደ ሰው አልነበረም። ቀኛዝማች ከፈረሳቸው ወርደው ልጓሙን ይዘው ቆመዋል፤ ወደ ቤት ግን አልተመለሱም።

ጋዙ ተሞላ። የማሽኑ ሞተር ተነሣ።

ደርበው ጠባቧ ቀዳዳ ያለችበት ቫልቭ ላይ ጆሮውን አስጠግቶ ተቀመጠ። ደጊቱ አጠገቡ በርከክ አለች። አመድ በቀባው ፊቷ ላይ የዕንባ መንገድ ይታያል።

«ይሰማል?» አለች በሹክሹክታ።

«ይሰማል። ግን ጠዋትም ይሰማ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ነው የሚቆመው።»

ጠበቁ። ክፍሉ ቀዘቀዘ። አቶ ሀብቱ በሩ ላይ ጥፍራቸውን ይነክሳሉ። ደጊቱ የራሷን ጆሮ አስጠጋች፤ ሽሽሽ የሚል ቀጭን ድምፅ፣ የማያቋርጥ።

«ይኸውልሽ፣ የሚቆመው አሁን ነበር» አለ ደርበው። እጇን ያዘ። የተላጠው መዳፏ አቃጠላት፤ አላስለቀቀችውም።

ድምፁ አልቆመም። ነጭ ውርጭ ከቫልቩ ጀምሮ ቱቦዎቹን እኩል እያለበሰ ሄደ። የቴርሞሜትሩ ቀይ መሥመር ወረደ፤ ደግሞ ወረደ፤ ከተፈለገበት ላይ ደርሶ ረጋ።

«ያዘ!» ብሎ ጮኸ ደርበው። «ያዘ ደጊቱ! ያዘ!» እሷን ብድግ አድርጎ አዞራት፤ አቶ ሀብቱም ባርኔጣቸውን ወደ ጣሪያው ወረወሩት። ውጭ ያለው ሕዝብ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ አብሮ ጮኸ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ደጊቱ እግሯ መሬት ሲነካ እንኳ መሬት ላይ ያለች አልመሰላትም።

ያን ጊዜ ነው የጭነት መኪናው ጥሩምባ ከመንገዱ የተሰማው።

ሾፌሩ ዘሎ ወረደ። «በረዶው እያለቀ ነው፣ ቶሎ በሉ!» ከሣጥኖቹ ሥር ውሃ ይንጠባጠባል። ማንም ማንንም አላዘዘም፤ ከመኪናው እስከ ክፍሉ በር ሰው ተሰለፈ፤ ሣጥኑም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ጀመር። ወይፈኖቹን ትቶ የመጣው ጎልማሳ፣ አቶ ሀብቱ፣ ሴቶቹ፣ አዝመራው። ከአዝመራው ቀጥሎ ባዶ ቦታ ነበረ። ሽማግሌው ሣጥኑን እንደያዙ ቆሙ፤ የሚቀበላቸው የለም።

ቀኛዝማች ምህረቴ የፈረሳቸውን ልጓም ለቀቁ። መጥተው ባዶው ቦታ ላይ ቆሙና እጃቸውን ዘረጉ። ከሰል የነካው እጅና ቀለበት ያለው እጅ በአንድ ሣጥን ላይ ተገናኙ። ቀኛዝማች ሣጥኑን ተቀበሉ፣ አሳለፉ፣ ለሚቀጥለው እጃቸውን መልሰው ዘረጉ።

የመጨረሻው ሣጥን ገብቶ በሩ ሲዘጋ ቀኛዝማች በርኖሳቸውን አራገፉ። አዝመራውን ሳይሆን አጥሩን እያዩ፣ «ሽማግሌ አድርገህ የምትልከው ሰው አለህ?» አሉ።

አዝመራው የሰሙትን አላመኑም። «ለእኔ ማን ይሄድልኛል ጌታዬ?»

«እኔ እሄዳለሁ!» አሉ አቶ ሀብቱ።

«እኔም አለሁ» አለ ባለወይፈኖቹ ጎልማሳ፣ በተሰባበረ አማርኛ።

ቀኛዝማች ኮስተር አሉ። «እሺ ማለቴ አይደለም። እሰማለሁ ነው ያልኩት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይምጡ።» ወደ ደርበው ዞረው ለአፍታ አዩት። «አንተም ብትሆን እንዲህ በዘይት ተለውሰህ እንዳላይህ።»

አባቷን የምታውቅ ደጊቱ ናት። «እሰማለሁ» ማለት እሳቸው ዘንድ ምን ያህል መንገድ እንደሆነ የገባት እሷ ብቻ ነበረች። ደርበውን አየችው፤ እሱም አያት፤ ሰው ባለበት ሌላ ምንም ማለት አልተቻለምና ሁለቱም እንደ ሕፃን ሳቁ።

ከዚያ ቀሚሷን ሰበሰበችና አባቷን ቀድማ ለእናቷ ለመንገር፣ በከብቱ መካከል፣ ፊቷ በጥላሸት እንደ ጠቆረ፣ እየሳቀች ሮጠች።